የአባቴ እንጨት እና የተቀበረው ማረሻ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ድሮ እናንተ ግቢ የቆመው ረጅም እንጨት ምን ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር አላልቅ ስላለኝ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

እንጨቱ የአባቴ አንቴና ነበር። ባሕር ዛፍ አቁሞ ጫፉ ላይ የመዳብ ሽቦ አሰረና በመስኮት ወደ ሬዲዮው አስገባው። ሌላ ሽቦ ደግሞ ከሬዲዮው አውጥቶ ጓሮ ከተቀበረ አሮጌ ማረሻ ጋር አገናኘው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ የማስጣት ሥራ የእኔ ነበር። ማታ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ሲፈልግ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ሳል የያዘው ሰው እንኳ ውጭ ወጥቶ ነው የሚስለው። ያ ማረሻ ለምን እንደተቀበረ ግን ሳይገባኝ አደግሁ።

የገባኝ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ ፊዚክሱን ያስረዳኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ማርኮኒ በ1895 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ሲሞክር ምልክቱን ራቅ ወዳለ ቦታ መላክ የቻለው አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን መሬት ሲያስነካ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና ግማሹ ከላይ የምናየው ነው፣ ሌላው ግማሽ መሬቱ ራሱ ነው። ቁመቱም ብዙ ጊዜ የሞገዱ አንድ አራተኛ ይሆናል። የአማራ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ በሚታወቅበት በ801 ኪሎኸርዝ ብናሰላው ሞገዱ 374 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሩቡ ከ90 ሜትር ያልፋል። ማማዎቹ ሰማይ የሚነኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ለዓለም ንግግር አደረጉ። የወረራው ጦርነት ሊጀመር ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። እቴጌ መነንም በዚያው ሰሞን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ ተናግረዋል። የሚገርመው ጣቢያውን የሠራው የጣሊያን ኩባንያ መሆኑ ነው!

ሬዲዮ ግን ምሥጢር አይጠብቅም። ወደ ላይ የወጣ ሽቦ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ይናገራል። ከማይጨው ውጊያ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌይቱ የላኩትን መልእክት ጣሊያኖች ከአየር ላይ ጠልፈው አነበቡት፤ የእኛ ጦር መጋቢት 22 ሲያጠቃ እነሱ ተዘጋጅተው ነበር የጠበቁት። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ልጆቹ ዝም ይላሉ። እኔም ዝም እላለሁ።

አማተር ሬዲዮ የሚባለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዜና አይነበብበትም፣ ማስታወቂያም የለውም። ፈቃድ ያለው ተራ ሰው ከቤቱ ሆኖ በዓለም ላይ ካለ ሌላ ተራ ሰው ጋር የሚያወራበት ነው። በንጉሡ ዘመን አሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ይህን ይሠሩ ነበር። በእኛ ዘመን አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ብለን የምናውቀው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ መጠሪያው "ኢቲ 3 ኤ ኤ" ነው። "ኢቲ" አገራችን ናት። ከኢትዮጵያ የሚናገር አማተር በጣም ጥቂት ስለሆነ ያ መጠሪያ አየር ላይ ሲሰማ የዓለም አማተሮች ለማነጋገር ይሻማሉ አሉ።

ለ40 ሜትር ሞገዳቸው የሚበቃው ቀጥ ያለ አንቴና ቁመቱ 10 ሜትር ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ ቁመት ማለት ነው! ከእግሩ ሥር ሽቦዎችን እንደ ጎማ ራጂ በዙሪያው መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ሞገዱ ወደ ሰማይ ከሚባክን ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ሩቅ የሚደርሰውም ለዚህ ነው። መሬቱ እርጥብና ጥቁር አፈር ሲሆን ከድንጋያማ መሬት የተሻለ ይሠራል። እንግዲህ ክረምት ላይ ጫማችንን እየበላ የሚያስመርረን የደምቢያ ዋልካ ለዚህ ሥራ የተመረጠ ነው። ጎንደሬዎች ይቅር በሉን፣ እናንተ ያላችሁት ድንጋይ ነው 😄

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እኔ የአባቴን ሬዲዮ ከቆጥ አወረድኩት። ድንጋይ ገዝቼ ስከፍተው ሹክሹክታ ብቻ። እንጨቱ የለማ! ዲሽ ያስገባን ዓመት "ምን ይሠራል?" ብዬ ለአጥር የቆረጥኩት እኔው ራሴ ነኝ። አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሲቆረጥ አይቶ ምንም አላለኝም። ያን ማታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ያሰብኩት ያንን ዝምታውን ነው።

ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ነገር አስበናል። ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱን አንነካም። ለመስማት ግን ባሕር ዛፍ፣ ሽቦና የሚቀበር ብረት ይበቃል። ኮላ ድባና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የተጣለም ቢሆን አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮ ካላችሁ አውሱን። ማረሻ አትፈልጉልን፤ የአባቴ አሁንም ጓሮ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ እንቆፍረዋለን።