ዓሣን ሳይገድሉ ማወቅ

ክረምት ሲገባ ከኩልመስክ በላይ ያሉ የላስታ ተራሮች አፈራቸውን ለጎርፍ ይገብራሉ። ጎርፉ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜም ዋግን ዞሮ፣ ገደሉን ሰንጥቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ ይደርሳል። ከዚያ ያለፈው ውኃ በሱዳን አትባራ ተብሎ ከዓባይ ይቀላቀልና ጉዞውን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይጨርሳል። ግድቡ ባቆረው ሐይቅ ላይ የዋግ ኽምራ ወጣቶች ዓሣ ያሰግራሉ። በዚያ ጥልቅና ድፍርስ ውኃ ውስጥ የትኛው ዓሣ የት እንደሚኖር ለማወቅ ግን ዛሬም ዋናው መሣሪያ መረብ ነው።

የአገራችን የዓሣ ጥናት ከጥንቱም እንዲሁ ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ ዘልቆ የጣና ሐይቅን ዓሦች ሰበሰበ፤ ወደ ፍራንክፈርትም ወስዶ ለበርካታዎቹ ሳይንሳዊ ስም አወጣላቸው። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሊዮ ናግልከርከ እና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አንድ አስደናቂ ነገር ገለጹ። ባሕር ዳር ገበያ ላይ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚባለው 15 የተለያየ ዝርያ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የለየው ሐይቅ የራሱን የዝርያ ስብስብ አፍርቷል። መንጋጋቸው ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ ከእነዚህ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው ይበላሉ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስብስብ ማግኘት ብርቅ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው በመረብ ተይዞ ከሞተ ዓሣ ነው።

ዓሣን በሕይወት እያለ በውኃው ውስጥ ሊከተል የሚችለው ሮቦት ዓሣ የተጀመረው ከአንድ እንቆቅልሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዛዊው ጄምስ ግሬይ ዶልፊን በጡንቻዋ ኃይል ብቻ ያን ያህል መፍጠን እንደማትችል አሰላ፤ ዶልፊኗ ግን ትፈጥናለች። ጥያቄው ለአሥርተ ዓመታት መሐንዲሶችን ሲያወዛግብ ቆየ። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እነ ማይክል ትሪያንታፊሉ ጅራት የውኃን ሽክርክሪት እንዴት እንደሚጠቀምበት ለማየት ሮቦቱና የተባለውን ሰው ሠራሽ ቱና ሠርተው በሙከራ ገንዳ ውስጥ አዋኙት። በዚያው አሥርት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በአምባዛ አምሳል የውኃ ናሙና የሚቀዳ ሮቦት ሠርቶ ቻርሊ አለው። በ2005 የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮቦት ዓሦች ለንደን አኳሪየም ውስጥ ለሕዝብ ታዩ፤ በ2012 ደግሞ ሾል በተባለው የአውሮፓ ፕሮጀክት የተሠሩት በስፔኗ ሂሆን ወደብ የውኃ ብክለት ሲያስሱ ተሞከሩ።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚስበው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ሶፊ የተባለው ሮቦት ዓሣ ነው። ጅራቱ ከሲሊኮን የተሠራ ነው፤ ፓምፕ ውኃን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ክፍሉ እየቀያየረ ሲገፋ ጅራቱ ይወዛወዛል። ጠላቂ ሰው በድምፅ ሞገድ ያዘዋል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ካሜራ ይቀርጻል። በፊጂ ደሴቶች ኮራል መካከል እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ወርዶ 40 ደቂቃ ያህል ዋኝቷል፤ በአካባቢው የነበሩት ዓሦችም አልበረገጉም። ከሦስት ዓመት በኋላ የቻይና ተመራማሪዎች አነስተኛና ለስላሳ ሮቦት በማሪያና ሸለቆ 10,900 ሜትር ጥልቀት ላይ ክንፉን እንዲያርገበግብ አድርገዋል።

የጣና ጥልቀት 14 ሜትር አካባቢ ነው። በጥልቀት ረገድ ሶፊ ሐይቁን እስከ ወለሉ ሊያስሰው ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ከየተራራው የሚታጠበው አፈር የጣናንም የተከዜንም ውኃ ስለሚያደፈርስ ካሜራ ብዙ ርቀት አያይም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ የተለመደውን የሞተር መዘውር ያንቃል፤ የሚወዛወዝ ጅራት እዚህ ላይ ይሻላል። ስለዚህ ለእኛ ውኃ የሚቀርበው የስዊዘርላንድ ተማሪዎች በዙሪክ ሐይቅ ላይ የሞከሩት ዓይነት ይመስላል። ሮቦታቸው እየዋኘ ውኃውን በማጣሪያ ያሳልፋል፤ ዓሦች ከቆዳቸውና ከኩሳቸው የሚጥሉት ዘረመል ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ማጣሪያው ላቦራቶሪ ሲገባ የትኛው ዝርያ በአካባቢው እንዳለ ይታወቃል፤ አንድም ዓሣ አይሞትም።

በጣና ይህ ቅንጦት አይደለም። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ማብቂያ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገቡ ወዲህ መረብ የሚበዛው በእነዚያ የወንዝ አፎች ላይ፣ በእነዚያው ሳምንታት ነው፤ እንቁላል የያዘች ዓሣ ሳትጥል ትያዛለች፤ ቁጥራቸውም ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ዓሣው የሚወጣበትን ጊዜ ለማጥናት እዚያው ተጨማሪ መረብ መጣል ጉዳቱን ያብሳል። በባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲም መሐንዲሶችን ያስተምራል። ሁለቱ ተባብረው በጉማራ አፍ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ውኃ የሚያጣራ ሮቦት ቢያሰማሩ፣ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዙ የሚገባበትን ሳምንት ለይተው ማስገር መቆም ያለበትን ጊዜ ለዓሣ አስጋሪዎቹ ሊነግሯቸው ይችላሉ።