የቀድሞዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ተሽከርካሪዎች፦ የሚታወቁ ብልሽቶችና የደህንነት ጥሪዎች

ፎርድ ኤክስፕሎረር የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ በ1990 ለገበያ ያቀረበው፣ በ1991 ሞዴልነት የሚታወቅ የመስክ ተሽከርካሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ እና በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ በነበሩ ፋብሪካዎች ይገጣጠም የነበረው ይህ ተሽከርካሪ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ገበያ ከዓይነቱ በሽያጭ ቀዳሚ የነበረ ሲሆን፣ በ2000 ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ተሽጧል። ስሙ ከሽያጭ ይልቅ ከአደጋ ጋር ተያይዞ በመላው ዓለም የተሰማውም በዚያው በ2000 ነበር።

ምክንያቱ ተሽከርካሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይገጠምለት የነበረው የፋየርስቶን ጎማ ነው። ጉዳዩ ከቴክኒክ ጉድለት ባሻገር የመዝገብ አያያዝ ታሪክም ነው። አደጋውን የሚያመለክቱ መረጃዎች ጎማዎቹ እንዲሰበሰቡ ከመወሰኑ 2 ዓመት አስቀድሞ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶችና ኩባንያዎች መዝገቦች ውስጥ ተበታትነው ይገኙ ነበር። አንዱ መዝገብ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ በመቆየቱ የበርካታ ሰዎች ሕይወት አልፏል።

ከ1991 እስከ 2001 የተመረቱት ሞዴሎች የተሠሩት ከኩባንያው ሬንጀር ፒክ አፕ በተወሰደ ሻንሲ ላይ ሲሆን፣ የኋላ አክስላቸው በባሌስትራ የተሸከመ ነበር። የአንድ ተሽከርካሪ የመገልበጥ ዝንባሌ በቅድሚያ የሚለካው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ከክብደት ማዕከሉ ከፍታ ጋር ባለው ምጣኔ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራና ስፋቱ ውስን የሆነ ተሽከርካሪ ከቤት መኪና ይልቅ ለመገልበጥ ቅርብ ነው። በኋላ በፍርድ ቤት ክርክሮች ይፋ የወጡ የኩባንያው ሰነዶች እንደሚያመለክቱት፣ ኤክስፕሎረር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በተደረጉ የመሪ አጠማዘዝ ሙከራዎች የተረጋጋነት ችግር ታይቷል። ኩባንያው ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ለጎማው የሚመከረውን የአየር ግፊት በካሬ ኢንች 26 ፓውንድ ላይ መወሰን ነበር። ጎማ አምራቹ በኋላ የደገፈው መጠን 30 ፓውንድ ነው።

የ4 ፓውንድ ልዩነት ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን ግፊቱ ያነሰ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ተሽከርካሪው ሙሉ ጭነት ይዞ በሞቃት አየር በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ሲጓዝ ሙቀቱ በጎማው ውስጥ ባሉት ሁለት የብረት ሽቦ ንብርብሮች መካከል ያለውን ላስቲክ ያዳክማል። በንብርብሮቹ ጠርዝ ላይ የሚጀምረው ስንጥቅ ከውጭ ሳይታይ እየሰፋ ሄዶ፣ መሬት የሚነካው ባለጥርስ ንጣፍ ከጎማው አካል ተልጦ ይለያያል። በአሜሪካ አብዛኞቹ አደጋዎች የተመዘገቡት እንደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ አሪዞናና ካሊፎርኒያ ባሉ ሞቃት ግዛቶች መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል። የኋላ ጎማ ንጣፍ ሲላጥ የተሽከርካሪው የኋላ ክፍል መንገድ የመያዝ አቅሙን ያጣል። በዚህ ጊዜ አሽከርካሪው ደንግጦ መሪውን በኃይል ከጠመዘዘ ወይም ፍሬን አጥብቆ ከያዘ ተሽከርካሪው ዞሮ ሊገለበጥ ይችላል።

ምልክቶቹ ቀደም ብለው ታይተዋል። በሐምሌ 1998 የስቴት ፋርም ኢንሹራንስ ኩባንያ ባልደረባ የሆነ አንድ ተመራማሪ ከፋየርስቶን ጎማዎች ጋር የተያያዙ 21 አደጋዎችን ዘርዝሮ ለአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር አሳውቆ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በዚህ መነሻ ምርመራ አልከፈተም። በ1999 ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች የባህረ ሰላጤው አገሮች ለተሸጡ ተሽከርካሪዎች ጎማ በነጻ መቀየር ጀመረ፤ በ2000 መጀመሪያ ወራት ወደ ማሌዢያና ታይላንድ፣ ቀጥሎም ወደ ቬኔዝዌላ አሰፋው። ይህ ሁሉ ሲሆን በወቅቱ የነበረው የአሜሪካ ሕግ አንድ አምራች በውጭ አገር የወሰደውን እርምጃ ለአገሩ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ በግልጽ አያስገድድም ነበር። ለአሜሪካ ኮንግረስ የቀረበ በመጋቢት 1999 የተጻፈ የፎርድ የውስጥ ማስታወሻ፣ የባህረ ሰላጤው የጎማ ቅያሬ ለአሜሪካ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት መገለጽ ሊኖርበት ይችላል በሚል ፋየርስቶን ስጋት እንደነበረው ያሳያል።

ሌላው መሰናክል የዋስትና አሰራር ነው። ለተሽከርካሪው አካላት ዋስትና የሚሰጠው መኪና አምራቹ ሲሆን ለጎማው ግን ጎማ አምራቹ ነው። በመሆኑም በጎማ ብልሽት ምክንያት የቀረቡ የካሳ ጥያቄዎች የሚገኙት በፋየርስቶን እጅ ነበር። ፎርድ እነዚህን መዝገቦች አግኝቶ የተነተነው በ2000 የበጋ ወራት ነው። ትንታኔውም ብልሽቱ ባለ 15 ኢንች ኤቲኤክስ ጎማዎችና በኢሊኖይ ግዛት በዲካተር ፋብሪካ በተመረቱ ዊልደርነስ ኤቲ ጎማዎች ላይ መብዛቱን አሳየ። ጎማዎቹ ለዓመታት በመንገድ ላይ ነበሩ፤ ቁጥሮቹን አንድ ላይ አስቀምጦ የመመልከቱ ሥራ ግን የወሰደው ሳምንታት ብቻ ነው።

ጉዳዩን ከሕዝብ ዘንድ ያደረሰው በሂዩስተን ከተማ የሚገኝ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በየካቲት 2000 ያሰራጨው ዘገባ ነው። ከዘገባው በኋላ አቤቱታዎች በመበራከታቸው የትራፊክ ደህንነት አስተዳደሩ በግንቦት 2000 ምርመራ ከፈተ። ነሐሴ 9 ቀን 2000 ፋየርስቶን በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ ተብለው የተገመቱ 6 ነጥብ 5 ሚሊዮን ጎማዎችን እንደሚሰበስብ አስታወቀ። አስተዳደሩ በተቀበላቸው አቤቱታዎች መሠረት በአሜሪካ ከእነዚህ ጎማዎች ጋር በተያያዙ አደጋዎች ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ቁጥር በመጨረሻ 271 ደርሷል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ሰዎችም ቆስለዋል።

በመስከረም 2000 የፎርድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጃክ ናሰርና የብሪጅስቶን ፋየርስቶን ኃላፊ ማሳቶሺ ኦኖ በኮንግረስ ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። ፎርድ ችግሩ የጎማው እንደሆነ ሲገልጽ፣ ፋየርስቶን በበኩሉ የተሽከርካሪው አሠራርና የተመከረው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ድርሻ አላቸው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ በግንቦት 2001 ፋየርስቶን ከፎርድ ጋር የነበረውን ወደ 95 ዓመት የሚጠጋ የንግድ ግንኙነት በማቋረጡ ተደመደመ። ሁለቱ መሥራቾች ሄንሪ ፎርድና ሃርቪ ፋየርስቶን የቅርብ ወዳጆች ሲሆኑ፣ ቤተሰቦቻቸውም በጋብቻ የተሳሰሩ ነበሩ። ፎርድ በማግስቱ ተጨማሪ 13 ሚሊዮን የዊልደርነስ ኤቲ ጎማዎችን በራሱ ወጪ እንደሚቀይር ገለጸ።

የመንግሥት ምርመራ ለሁለቱም ወገኖች በከፊል መልስ ሰጥቷል። አስተዳደሩ በጥቅምት 2001 ባወጣው ግኝት ከግንቦት 1998 በፊት የተመረቱ የተወሰኑ የዊልደርነስ ኤቲ ጎማዎች በብረት ንብርብሮቹ ጠርዝ ላይ ያለው አሠራር ጉድለት ያለበት መሆኑን በማረጋገጡ፣ ፋየርስቶን 3 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ጎማዎችን ለመሰብሰብ ተስማማ። በየካቲት 2002 ደግሞ ኤክስፕሎረር ራሱ እንዲመረመር ፋየርስቶን ያቀረበውን ጥያቄ፣ ተሽከርካሪው ንጣፍ ሲላጥ የሚያሳየው ጠባይ ከሌሎች መሰል ተሽከርካሪዎች የተለየ አይደለም በማለት ውድቅ አድርጎታል። ያም ሆኖ ፎርድ ለ2002 ሞዴል ተሽከርካሪውን ከመሠረቱ በመቀየር ስፋቱን በ2 ነጥብ 5 ኢንች ያህል ጨምሯል፤ የኋላውን ባሌስትራም አስወግዷል። ለአሮጌው ሞዴል ባለቤቶች ይህ የሰጣቸው ጥቅም አልነበረም።

ከሁሉ የላቀው ውጤት በሕግ በኩል የተገኘው ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኅዳር 1 ቀን 2000 የፈረሙት፣ በምኅጻረ ቃል «ትሬድ» የሚባለው ሕግ አምራቾች የሞትና የጉዳት አቤቱታዎችን፣ የዋስትና ጥያቄዎችንና የንብረት ጉዳት መረጃዎችን በየጊዜው ለተቆጣጣሪው እንዲያቀርቡ አስገድዷል። በውጭ አገር የሚደረግ የደህንነት ጥሪም በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መገለጽ አለበት። የጎማ አየር ሲቀንስ በዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የማስጠንቀቂያ መብራትም የዚሁ ሕግ ውጤት ሲሆን፣ ከመስከረም 2007 ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች በሙሉ ግዴታ ሆኗል። ሪፖርት መሰብሰብ ሪፖርቱን ከማንበብ እንደሚለይ ግን በ2014 የጄኔራል ሞተርስ የቁልፍ ማስነሻ ጉድለት ይፋ ሲሆን ታይቷል። በዚያ ጊዜ መረጃው በተቆጣጣሪው እጅ የነበረ ቢሆንም ምርመራ አልተከፈተም ነበር።

ኤክስፕሎረርን የሚመለከተው ሌላው ከባድ ጥሪ የፍጥነት መጠበቂያ (ክሩዝ ኮንትሮል) ማቋረጫ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይህ አነስተኛ ዕቃ ከፍሬን ዘይት መስመር ጋር የተያያዘና ሞተር ጠፍቶም ቢሆን ኤሌክትሪክ የማይለየው ነው። በውስጡ ያለው መከላከያ ሽፋን ሲያረጅ የፍሬን ዘይት ወደ ኤሌክትሪኩ ክፍል ሰርጎ ስለሚገባ ዕቃው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ተሽከርካሪው ቆሞ ሰው በሌለበት ጊዜ ጭምር ቃጠሎ መድረሱ ችግሩን አሳሳቢ አድርጎታል። ፎርድ ከ1999 ጀምሮ እስከ 2009 ድረስ በተከታታይ ባደረጋቸው ጥሪዎች ከ14 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ ተሽከርካሪዎች የተካተቱ ሲሆን፣ ከ1998 እስከ 2001 የተመረቱ ኤክስፕሎረሮች በ2007ቱ ጥሪ ውስጥ ይገኙበታል። ማስተካከያው ፊውዝ ያለው ተጨማሪ ሽቦ መግጠም ነው። ያልተስተካከለ ተሽከርካሪ በእጁ የሚገኝ ባለቤት የማብሪያ ማጥፊያውን ሽቦ በባለሙያ ማስነቀል ይኖርበታል፤ ይህን ማድረግ የሚያጠፋው የፍጥነት መጠበቂያውን እንጂ ፍሬኑን አይደለም።

ጥሪ ያልተደረገባቸው የተለመዱ ብልሽቶች በዋናነት የሞተርና የካምቢዮ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገጠመው ባለ 4 ሊትር ቪ6 ሞተር በጽናቱ የሚታወቅ ነው። ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ የሆነው አዲሱ የዚሁ ሞተር ዓይነት ግን የካቴናው የፕላስቲክ መሪዎች ይሰበራሉ፤ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ሲነሳ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ዋነኛው ምልክት ነው። ከካቴናዎቹ አንዱ በሞተሩ የኋላ ጎን በመሆኑ ለመቀየር ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ማውረድ ያስፈልጋል፤ ወጪው አንዳንድ ጊዜ ከተሽከርካሪው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ባለ 5 ፍጥነት አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር መንሸራተትና የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይታይበታል። የፊት ጎማ ኩሽኔታና የመሪ መገጣጠሚያዎች መበላትም የተለመደ ነው።

በአሜሪካ የጥሪ ደብዳቤ የሚላከው በግዛቶች የተሽከርካሪ መዝገብ ላይ በሰፈረው ባለቤት አድራሻ ነው። ያገለገለ መኪና በመርከብ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ደብዳቤው አይከተለውም። ኢትዮጵያን ጨምሮ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከአሜሪካና ከባህረ ሰላጤው አገሮች ሲያስገቡ በቆዩ አገራት ያልተፈጸመ ጥሪ የያዘ መኪና ባለቤቱ ሳያውቅ በሥራ ላይ ሊቆይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተመረተ ተሽከርካሪ ያልተፈጸመ ጥሪ ያለበት መሆኑን ባለ 17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥሩን በትራፊክ ደህንነት አስተዳደሩ ድረ ገጽ ላይ በማስገባት ማጣራት ይቻላል። ይሁንና መዝገቡ ከ15 ዓመት በላይ ያለፋቸውን ጥሪዎች ላያሳይ ስለሚችል፣ ለአሮጌ ኤክስፕሎረር የሞዴሉን ዓመት በመጠቀም የጥሪዎቹን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

የጎማ ዕድሜን ለማወቅ ደግሞ በጎኑ ላይ በላቲን «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አሃዞች መመልከት በቂ ነው። ከ2000 ወዲህ በተመረቱ ጎማዎች ላይ አራት አሃዞች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ሦስት አሃዝ ብቻ ያለው ጎማ ከ2000 በፊት የተመረተ ነው። ለትርፍነት ከኋላ ተንጠልጥሎ ወይም ከሥር ታስሮ የኖረ ጎማም ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ቢታይ እንኳ ላስቲኩ ከሌሎቹ እኩል ያረጃል።