አንጎል ፈር እንጂ ስንጥቅ የለውም

ሰልከስ ለሚባለው የአናቶሚ ቃል «የአንጎል ስንጥቅ» የሚል ትርጉም እየተለመደ ነው። ይህን ቃል ዝም ብሎ ማሳለፍ አይገባም። ሰልከስ በአንጎል ገጽ ላይ፣ በእጥፋቶቹ መካከል ጎድጎድ ብሎ የሚሄደው መስመር ነው። ከአንጎል ቅርፊት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው በነዚህ ጎድጓዶች ውስጥ ነው። ሰው በማሕፀን ሳለ አብሮት የሚበጅ ጤነኛ ነገር ነው።

ስንጥቅ ግን ጉዳት ነው። ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ እንስራ ይሰነጠቃል፤ ሐኪም «አጥንቱ ተሰንጥቋል» ካለ ጄሶ ሊያስር ነው። በእርጅና ምክንያት አንጎል ትንሽ ሲኮማተር ጎድጓዶቹ ሰፋ ይላሉ፤ የጭንቅላት ምርመራ ውጤት ላይም ይህ ይጻፋል። የአባቷን ውጤት የያዘች ልጅ «የአንጎል ስንጥቆች ሰፍተዋል» የሚል ብታነብ ምን ይሰማታል? የአባቷ ጭንቅላት የተፈነከተ ነው የሚመስላት። ያስደነገጣት በሽታው ሳይሆን ተርጓሚው ነው።

ሌሎችም ቃላት ይቀርባሉ። «ቦይ» ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ቦይ ውሃ የሚሄድበት ነው፣ በአንጎል ውስጥ ደግሞ በእውነት ፈሳሽ የሚያስተላልፉ መተላለፊያዎች ስላሉ ለነሱ ይቆይ። «ሸንተረር» ለአንዱ ጉብታው፣ ለሌላው ጎድጓዳው ነው፤ ቆዳ ላይ ለሚወጣው መስመርም ተይዟል። «ትልም» ከገበሬው እጅ ወጥቶ ቢሮ ገብቷል፤ ዛሬ ትልም ሲባል ዕቅድ ነው የሚታሰበው። ሰልከስን እንዳለ እንውሰድ የሚሉም አሉ፤ ቃሉ ግን ለሰሚው ምንም አያሳይም።

የኔ ምርጫ «ፈር» ነው። ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚተወው ጎድጓዳ መስመር ፈር ይባላል፤ ሰልከስም በላቲን ትርጉሙ ይኸው ነው፣ የእርሻ ፈር። የጥንቶቹ የአናቶሚ ሰዎች ከገበሬ ቃል ሲዋሱ አላፈሩም፤ እኛ በበሬ የምናርስ ሰዎች የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ፈር ለቀቀ የሚባለው ለብልሹ ነገር ነው፣ ለሕክምና አይመጥንም» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። እንዲያውም ይህ የቃሉን ብርታት ያሳያል። ሕሙም ሲቃዥና ሲዘባርቅ ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል፤ የቃሉ መነሻ በላቲን ከፈር መውጣት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ አራሽ ሕዝቦች የአእምሮን መሳት በአንድ ዓይነት መንገድ ገልጸውታል።

ቃሉን በሥራ ላይ እንየው። በጣሊያናዊው ሉዊጂ ሮላንዶ ስም የሚጠራውን መካከለኛ ፈር እንውሰድ፦ ከፊቱ ያለው እጥፋት እጅና እግርን ያዛል፣ ከኋላው ያለው መዳሰስን ይቀበላል። ቃሉ አንጎል ላይም አይቆምም፤ በልብ ገጽ ላይ የልብ ደም ሥሮች የሚያልፉበት ፈር አለ። የጥርስ ሐኪም ምልክት ያለባትን ቀጭን መሣሪያ በጥርስና በድድ መካከል ቀስ አድርጎ የሚያወርደው የድድን ፈር ሊለካ ነው፤ በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። በድድ ሕመም ከዚያ ሲጠልቅ ስሙ ተለውጦ ኪስ ይባላል። በአንጎል ፈሮች መካከል ላለው ጉብታ፣ ለጋይረስ፣ ደግሞ «እጥፋት» ይበቃል።