ከበግ ጠጉር እስከ ሕፃን አንጀት፦ የዚንክና የመዳብ ነገር



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የምትመጡ እናቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ዶክተር፣ ለተቅማጡ የታዘዘለት ዚንክ ልጄን አሳመረልኝ፤ የምግብ ፍላጎቱም ተከፈተ። ከ10 ቀን በኋላም ገዝቼ ብቀጥልለት ምን አለበት?» መልሱ ታሪክ አለው፤ የሚጀምረውም ከበግ ነው።

በስምጥ ሸለቋችን አንዳንድ ግልገሎች የኋላ እግራቸው እየተብረከረከ ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት ይህን ከመዳብ እጥረት ጋር አያይዞታል። በአውስትራሊያም መዳብ ባነሰበት ግጦሽ ያደገ በግ ጠጉሩ እንደ ሽቦ ይሆናል። የሜልበርኑ የሕፃናት ሐኪም ዴቪድ ዳንክስ ይህን ያውቅ ስለነበር፣ ጠጉራቸው የተጠማዘዘና ተሰባሪ፣ እድገታቸውም የቆመ ወንድ ሕፃናት ሲገጥሙት መዳብን ጠረጠረ። በ1972 ደማቸው ውስጥ ያለው መዳብ በጣም ዝቅተኛ መሆኑን አሳወቀ። (በሽታውን ጆን ሜንክስ ከ10 ዓመት በፊት ገልጾት ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም ነበር።) የሚገርመው፣ የሕፃናቱ የአንጀት ሕዋስ መዳብ ሞልቶታል፤ ወደ ደም ግን አያሳልፈውም።

ታዲያ ከበላነው መዳብ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ እንዴት ይታወቃል? ጨረር የሚያወጣው መዳብ 64 በ13 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጠፋል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ጨረር ማን ይሰጣል? ደግነቱ ተፈጥሯዊው መዳብ ጨረር የሌላቸው ሁለት ዓይነት ነው፦ ቀለል ያለው 63 (69 በመቶ ገደማ) እና ከበድ ያለው 65። ተመራማሪዎች 65ን በምግብ ሰጥተው በሰገራ የወጣውን ይቆጥራሉ። በአሜሪካ ጁዲት ተርንለንድ በ1989 ባሳተመችው ጥናት፣ ወጣቶች በቀን 0.8 ሚሊ ግራም ሲያገኙ አንጀታቸው 56 በመቶውን ወሰደ፤ 7.5 ሲሆን 12 በመቶውን ብቻ። አንጀት በሩን እንደ ፍላጎቱ ያሰፋል፣ ያጠብባል ማለት ነው።

ዚንክ ሲበዛ ግን ይህ ይበላሻል። የአንጀት ሕዋስ መዳብን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ያመርታል፤ ከቀናት በኋላ ሕዋሱ ሲረግፍ መዳቡም አብሮ በሰገራ ይወጣል። መዳብ ጉበትና አንጎል ውስጥ ለሚጠራቀምባቸው የዊልሰን በሽታ ታማሚዎች ይህንኑ እንደ መድኃኒት እንጠቀምበታለን። ጤነኛ ልጅ ላይ ለወራት ከቀጠለ ግን በአይረን የማይስተካከል የደም ማነስና የነጭ የደም ሕዋስ ማነስ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ለተቅማጥ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10፣ ለ10 ቀን ይበቃል። ለወራት የቀጠላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ልጁ አይረን እየወሰደ ደሙ አልጨምር ካለ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።