«በላኤ ፕሮቲን» ወይስ «ፕሮቲን ቆራጭ»?

ሰሞኑን ጎንደር ላይ ስለ ካላዛር የተዘጋጀ አንድ የጤና ማስተማሪያ ወረቀት እጄ ገባ። መሀሉ ላይ «በላኤ ፕሮቲን ኢንዛይሞች» (ፕሮቲኤዝ ለማለት ነው) የሚል አነበብኩና እዚያው ቆምኩ። ከዚያ ወዲህም ይኸው ስያሜ ሌላ ቦታ ገጥሞኛል። ሥር ሳይሰድ መታረም አለበት።

ግዕዝ መሆኑን አልጠላሁትም። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ቆሞ ተአምሯን የሰማ ጎንደሬ ግን «በላኤ» ሲባል ፊቱ ድቅን የሚለው 78 ነፍስ የበላው በላኤ ሰብእ ነው። ቃሉ ሆዳምነትን ይዞ ይመጣል። ኢንዛይሙ ደግሞ አይበላም፤ ይቆርጣል።

«ፕሮቲን ፈጪ» የሚሉም አሉ። ለጨጓራና ለአንጀት ያስኬድ ይሆናል፤ ለሰውነት መከላከያ ግን አይሆንም። ወፍጮ የገባ እህል ዱቄት ሆኖ ነው የሚወጣው።

እናቴ ዶሮ ስትበልት ቢላዋውን ዝም ብላ አትጭነውም። በአውራ ጣቷ መገጣጠሚያውን ትዳስሳለች፤ ስታገኘው አንዴ ጫን ትላለች። 12ቱ ብልት አጥንቱ ሳይሰባበር ይወጣል። ኢንዛይሙም የሚቆርጥበትን ቦታ እንዲሁ ለይቶ ያውቃል። በደማችን ውስጥ ሲ3 የሚባል ፕሮቲን አለ። ተሕዋሲ ሲገባ ኢንዛይም ለሁለት ይቆርጠዋል፤ አንዱ ቁራጭ ተሕዋሲው ላይ ተለጥፎ ምልክት ይሆንበታል፣ ሌላው ብግነት ይቀሰቅሳል። ተቆርጦ ሥራ የጀመረን ነገር እንዴት «ተበላ» ወይም «ተፈጨ» እንላለን?

በዶሮዋ ምክንያት መጀመሪያ ልቤ «በለተ» ወደሚለው ግስ አደላ። ባለቤቱ ግን «በላች» ሊሆን ነው፤ «ፕሮቲን በላች» ደግሞ አንዲት ሴት ፕሮቲን እንደበላች ይነበባል። «መታሪ»ንም አሰብኩ። መተረ ግዕዝም አማርኛም ነው፤ ነገር ግን ጆሯችን መክተፍንና ማድቀቅን ይሰማበታል። የቀረው «ቆራጭ» ነው። ተራ ቃል ነው ይሉኛል። ተራነቱ ነው ጉልበቱ። ኢንዛይሙ ቆራጭ፣ የሚወጣው ቁራጭ፣ ስልቱ አቆራረጥ ይባላል፤ እንደ አታዛናቪር ያለው የኤችአይቪ መድኃኒት ደግሞ ጸረ ቆራጭ ይሆናል። አንድ ሥር ይህን ሁሉ ከወለደ ከማን እንበደራለን?

ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ካላዛር ይዞት ለሚመለሰው ወጣት ይህ ጉዳይ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚገባው የካላዛር አምጪ ተሕዋሲ ሊሽማኒያ ገላው ላይ የራሱ ፕሮቲን ቆራጭ አለው። ሰውነት የለጠፈበትን የሲ3 ምልክት ቆርጦ ያመክነዋል፤ ከሞት አምልጦም ሊገድለው በሚገባው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ይደበቃል። «ምልክቱን ይቆርጠዋል» ሲባል ታማሚው ይገባዋል። «በላኤ» ሲባል ግን ተሕዋሲው ሥጋውን የሚበላው ይመስለዋል።

የደጋው ሰው ሌላ የሊሽማኒያ ወገን ቆዳ ላይ የሚያወጣውን ቁስል ማንም ሳያስተምረው «ቁንጭር» ብሎ ሰይሞታል፤ ሐኪሙም ተቀብሎ ይጠራበታል። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ ጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ማስተማሪያ የምታዘጋጁ ወገኖች፣ በሚቀጥለው እትም «ፕሮቲን ቆራጭ» ብላችሁ ጻፉልን።