ትንሿ ሳጥን እና ትልቁ የዋት ውሸት

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ሪሲቨር» ቢባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠውን የዲሽ ሳጥን ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ግን ሪሲቨር ማለት ሬዲዮንና አምፕሊፋየርን በአንድ ገላ የያዘ፣ በብረትና በእንጨት የተሠራ የሳሎን ጌጥ ነበር። ማራንትዝ፣ ፓዮኒር፣ ሳንሱይና ኬንዉድ የሚባሉት ስሞች የገነኑት በእሱ ነው።

ያ ዕቃ አሁን ተመልሶ መጥቷል። በ2022 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት ሸክላዎች ብዛት ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲዲ በለጠ። ወጣቱ የአያቱን ሪሲቨር ከምድር ቤት አውጥቶ ከሸክላ ማጫወቻ ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ በትንሽ ገንዘብ ምን ዓይነት ስፒከር ይገዛለት? ጥያቄው የሸመታ ይመስላል። መልሱን የያዘው ግን ታሪክ ነው።

እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ደንቡ ቁርጥ ያለ ነበር፦ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ በትክክል ለመስማት ፍሪጅ የሚያህል ሳጥን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሳጥን ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ፣ ለማስቀመጥም ሰፊ ሳሎን ይጠይቃል። በአጭሩ ጥሩ ድምፅ የሀብታም ነበር።

ይህን ደንብ የሰበረው ኤድጋር ቪልቸር የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነው። ትልቅ ፋብሪካ አልነበረውም፤ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ ቅጂና ማጫወት የሚያስተምር መምህር ነበር። ቪልቸር ችግሩ ከሳጥኑ ማነስ ሳይሆን የስፒከሩን ሸራ ከጠርዙ ይዞ ወደ ቦታው ከሚመልሰው ግትር ማንጠልጠያ እንደሚመጣ አስተዋለ። ግትሩ ማንጠልጠያ ሸራው ብዙ ሲወዛወዝ ድምፁን ያዛባል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ማንጠልጠያውን ማላላት፣ ሳጥኑን ደግሞ አየር እንዳያስወጣ አድርጎ መድፈን። ያኔ ሸራውን የሚመልሰው ውስጥ የታፈነው አየር ይሆናል። አየር ከብረትም ከጨርቅም የተሻለ ስፕሪንግ ነው፤ አይዛባም፣ አይደክምም። የመጀመሪያውን ሙከራ ቤቱ ውስጥ ከፍራሽ ጨርቅ በተቆረጠ ማንጠልጠያ ሲሠራ ባለቤቱ ሮዝመሪ ረዳችው።

ቪልቸር ሐሳቡን ለነባር ኩባንያዎች ቢያቀርብ የሚገዛው አጣ። ተማሪው ሄንሪ ክሎስ ግን ገባው። ሁለቱ በ1954 ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ኤአር-1 የተባለችው ትንሽ ሳጥን ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ታየች። በጎኗ የተደረደሩት ግዙፍ ሳጥኖች የሚያወጡትን ቤዝ እሷም አወጣችው።

ጊዜውም አገዛት። በ1958 ባለስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ስፒከር ፈንታ ሁለት አስፈለገው። ሁለት ፍሪጅ የሚያስቀምጥ ቤት ጥቂት ነው፤ ሁለት ትናንሽ ሳጥን መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ግን ሞልቷል። አኩስቲክ ሪሰርች ሙዚቀኞችን መድረክ ላይ አውጥቶ፣ መሐል ላይ ሳይታወቅ ከሰዎቹ ወደ ስፒከሩ እየቀየረ አድማጩ ልዩነቱን ይለይ እንደሆነ ይፈትን ነበር። ብዙው ሰው አልለየም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርጅቱ ከአሜሪካ የስፒከር ገበያ ሲሶ ያህሉን ያዘ።

ቪልቸር ለፈጠራው ፓተንት ነበረው። ተፎካካሪ ፍርድ ቤት ሄዶ ሲያስሽረው ይግባኝ አላለም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁሉም ተከፈተ። ክሎስም ተለይቶ ወጥቶ መጀመሪያ ኬኤልኤችን፣ በኋላም አድቨንትን መሠረተ። በ1960ዎቹ ማብቂያ የወጣው የአድቨንት ስፒከር ዓላማው አንድ ነበር፦ የውዶቹን ቤዝ በግማሽ ዋጋ ገደማ ማቅረብ።

ግን ነፃ ምሳ የለም። የተደፈነችው ትንሽ ሳጥን ጉልበት ትበላለች። በአንድ ዋት የምታወጣው ድምፅ ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገበያው ብዙ ዋት ያለው አምፕሊፋየር ፈለገ፤ ትራንዚስተርም ይህን አቀለለው። የስፒከሩ ዋጋ ወረደና ውድድሩ ወደ ዋት ዞረ። ውድድር ባለበት ደግሞ ውሸት አይጠፋም።

አምራቾች ለቅጽበት ብቻ የሚወጣውን የጉልበት ጫፍ ይለካሉ፣ የግራና የቀኙን ይደምራሉ፣ ድምፁ ተበላሽቶም ቢሆን ቁጥሩን ይጽፋሉ። በትክክል ሲለካ ጥቂት ዋት ብቻ ያለው ዕቃ በብዙ እጥፍ ተጋንኖ ይሸጥ ነበር። ገዢው ማወዳደሪያ አልነበረውም፤ ሐቀኛው አምራች ደግሞ እውነቱን በመጻፉ ይከስር ነበር።

በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጣልቃ ገባ። ዋት የሚጽፍ አምራች ሁሉ የሚለካው ሁለቱም ቻናሎች አብረው፣ ያለማቋረጥ እየሠሩ ይሁን፤ በስንት ኦም፣ በየትኛው የድምፅ ክልልና በምን ያህል መዛባት እንደሆነም አብሮ ይጻፍ አለ። ከመለካቱ በፊትም ዕቃው ለአንድ ሰዓት በጉልበቱ ሲሶ ሠርቶ እንዲሞቅ አዘዘ። አምራቾች አጉረመረሙ። ሕጉ ግን ፉክክሩን አልገደለውም፤ ሐቀኛ አደረገው እንጂ። በ1978 ፓዮኒር በአንድ ቻናል 270 ዋት የሚሰጠውን፣ 35 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ኤስኤክስ-1980 አወጣ። ያ ቁጥር እውነተኛ ነበር።

የዛሬው ገዢ ይህን ታሪክ ካወቀ ምርጫው ይቀላል። ከ1974 በኋላ የወጣ ሪሲቨር 30 ዋት ካለ 30 ዋት ነው፤ ለመካከለኛ ክፍልም ይበቃል። ከስፒከሩ ጀርባ ከተጻፈው ዋት ይልቅ የሚታየው በአንድ ዋት ስንት ዲሲቤል እንደሚያወጣ ነው። 84 ዲሲቤል የሚያወጣው 90 ከሚያወጣው ጋር እኩል እንዲጮህ አራት እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ደካማ ሪሲቨር ያለው ሰው በትንሹ የሚጮህ ስፒከር ይምረጥ። ቀጥሎ ኦሙ ይታያል። 8 ኦም ለአሮጌ ሪሲቨር ሰላም ነው፤ 4 ኦም ብዙዎቹን ያግላል፣ አንዳንዱንም ያቃጥላል። ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር አብሮ መክፈትም አብዛኛውን ጊዜ ወደ 4 ኦም ያወርደዋል። ያገለገለ ስፒከር የሚገዛ ደግሞ የሸራውን ጠርዝ በጣቱ ይዳስስ። ፎም ከሆነ በ15 እና በ20 ዓመት ውስጥ ይፈረፈራል፤ መለወጥ ይቻላል፣ ዋጋውን ግን ከወዲሁ ማስቀነስ ያስፈልጋል። ጨርቅና ጎማ ብዙ ይቆያሉ።

ይህ ታሪክ ወደ ሐበሻ ቤትም ይገባል። አምሃ እሸቴ በ1969 የሀገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል ተጋፍቶ አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት፣ በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ሸክላው ቁም ሳጥን ላይ ቀረ። አሁን ያንን ሸክላ መስማት ፈልጎ ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ አሮጌ ዕቃ የሚያስልክ ሰው አለ። የአሜሪካው ሪሲቨር በ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ከጀርባው የቮልት መቀየሪያ ከሌለው በቀጥታ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይህን ይፈታል። የሸክላ ማጫወቻውን ችግር ግን አይፈታም። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያው 50 ነው። 45 ዙር መዞር ያለበት ሸክላ 37.5 ይዞራል፤ ዘፋኙም ጎርንኖና ተጎትቶ ይሰማል። ከመግዛት በፊት ይህን መጠየቅ ብዙ ብር ያድናል።

የዋቱ ውሸትም አልሞተም። ዛሬም በሺህ የሚቆጠር ዋት የተለጠፈበት፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ስፒከር በየሱቁ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥም ኮሚሽኑ በ2020 መጨረሻ የ1974ቱ ሕግ ይቆይ ወይስ ይሻር ብሎ አስተያየት ጠየቀ። ውጤቱ መሻር አልሆነም፤ በ2024 ሕጉ ተጠናክሮ ወጣ። ገበያ ራሱን ያስተካክላል የሚል ሰው ይህን ምሳሌ ያስብበት። ድምፁን ያረከሰው የአንድ መምህር ሐሳብ ነው፤ ቁጥሩን እውነት ያደረገው ግን ሕግ ነው።

ቪልቸር ድርጅቱን በ1967 ሸጠና ፊቱን ወደ መስሚያ መሣሪያ አዞረ። ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች ያገኘውን ዘዴ በ1970ዎቹ ይፋ ሲያደርግ ፓተንት አላወጣበትም። ማንም ወስዶ ይሥራበት አለ፤ ወስደውም ሠሩበት።