የማይገዛ ገንዘብ

ቤታችን አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለች። በውስጧ ያለውን ገንዘብ ይዘን ሱቅ ብንወጣ አንድ ኪሎ ስኳር የሚሰጠን የለም። ልጆቻችን ግን እያወጡ ሲደረድሩት ብዙ ታሪክ ይማሩበታል።

ከሥር ያለው ጠገራ ብር ነው። የማሪያ ቴሬዛ ምስል አለበት፤ በየትኛውም ዘመን ይመታ፣ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ገንዘብነቱ ቢቀርም ብርነቱ አልቀረም፤ አያቶቻችን አስቀልጠው መስቀልና አምባር አሠርተውበታል።

ከእሱ በላይ የጃንሆይ ምስል ያለበት የወረቀት ብር አለ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. በአዲስ ኖት ሲተካው የሚቀልጥ ነገር አልነበረውም። ወረቀት ብር የሚሠራው መንግሥት እቀበለዋለሁ እስካለ ድረስ ነው። ይህን ለዲፕሎማ ስንማር አጥንተነዋል፤ የገባን ግን ሞያሌ ላይ ስንነግድ ነው።

ሞያሌ ከተማዋ ለሁለት አገር ስለሆነች ቦርሳችን ውስጥ ሽልንግም ብርም አይጠፋም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2019 አዲስ ኖት አውጥታ፣ አሮጌው የ1,000 ሽልንግ ከሴፕቴምበር 30 በኋላ እንደማይሠራ አስታወቀች። ማዕከላዊ ባንኳ ኋላ እንደገለጸው 7.4 ሚሊዮን ያህል ኖቶች ሳይመለሱ ቀሩ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ደግሞ የብሩ ተራ ደረሰ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መቀየራቸው ተነገረ፤ የ200 ብር ኖትም ተጨመረ። መቀየሪያው ጊዜ ሦስት ወር ነበር።

እኛ የንግዱን ገንዘብ ሁለቱንም ጊዜ ሮጠን ቀየርን። የእናታችንን ግን ማንም አላሰበም። ለቀብሬ ብላ ትራሷ ውስጥ ሰፍታው ኖሯል። ያገኘነው ካረፈች በኋላ፣ በጥር ወር ነው፤ የፋሲል ግንብ ያለበት ሃምሳ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ያለበት መቶ፣ ድምሩ 4,300 ብር። ቀኑ አልፎ ስለነበር የሚቀይርልን አጣን። ቀብሯን እድሩ ሸፈነው።

አሮጌ ኖት የሚሰበስቡ ሰዎች ሲመጡ ከሌላው እንሸጥላቸዋለን፣ እንለዋወጣለንም። ያንን ጥቅል ግን አንሸጥም። ክሩ እንኳ አልተፈታም።

ኖት ተቀየረ ሲባል ሁላችንም መጀመሪያ የሱቃችንን መሳቢያ እንከፍታለን። እናንተ ቤት እናት ወይም አያት ካሉ፣ ከመሳቢያው በፊት እሳቸውን ጠይቁ።